ደብዳቤዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ለምን ይበታተናል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤዚክ ኮምፒውተር ሦስት ወር ተምሬ ሰርተፊኬት ይዣለሁ። አሁን በመሥሪያ ቤታችን የጸሐፊነት ቦታ ስለወጣ ዎርድ በደንብ ለመቻል እየተለማመድኩ ነው። ቤት ውስጥ በወንድሜ ላፕቶፕ አስተካክዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ግን ቢሮ ሲከፈት ቁጥሩና ቀኑ ቦታቸውን ይለቃሉ፣ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ይሆናል። አንዳንድ የቆዩ ፋይሎችማ አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ብቻ ይታያል። የሥራ ባልደረቦቼ ቫይረስ ነው ይላሉ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ ወይስ አድቫንስድ የሚባለውን ኮርስ ልመዝገብ?»

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፤ ኮምፒውተሩንም ፎርማት አያስደርጉ። በፍላሽ የሚዛመቱት ቫይረሶች በብዛት የሚያደርጉት ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት ማስቀመጥ ነው። የደብዳቤን ቀን ከቀኝ ወደ መሐል የሚገፋ ቫይረስ አላውቅም። ፎርማት ቢያስደርጉ የሚያተርፉት የተጫኑትን የአማርኛ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ማጣት ነው፤ ያኔ ችግሩ ይብሳል። የነገሩኝ ምልክቶች መነሻቸው ሁለት ነው። የቁጥሩና የቀኑ መንሸራተት፣ የገጹም መጨመር የሚመጣው ከአጻጻፍ ልማድ ነው። የፊደሉ መዘበራረቅ ደግሞ የቆዩት ፋይሎች አማርኛን ካስቀመጡበት መንገድ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ልያዛቸው።

ቁጥሩና ቀኑ የሚንሸራተቱት በስፔስ ስለተገፉ ነው። ፋይልዎን ሳላይ እንዲህ በድፍረት የምናገረው የቢሮ ሠራተኞችን ባሠለጠንኩባቸው ዓመታት በዚህ መንገድ ያልተጻፈ ደብዳቤ ያየሁት ከስንት አንዴ ስለሆነ ነው። ስፔስ ቋሚ ስፋት የለውም፤ ስፋቱን የሚወስነው ፎንቱ ነው። በወንድምዎ ላፕቶፕ ላይ «ቀን» የሚለውን ቃል ወደ ቀኝ ለማድረስ 60 ጊዜ ስፔስ ተጭነው ይሆናል። የቢሮው ኮምፒውተር ያ ፎንት ከሌለው ዎርድ ሳይነግርዎት በሌላ ይተካዋል፤ 60ዎቹ ስፔሶች በአዲሱ ፎንት ሲለኩ ይጠባሉ ወይም ይሰፋሉ፣ ቀኑም አብሮ ይሄዳል። ገጹ ሁለት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአማርኛ ፎንቶች የመስመር ከፍታቸው ይለያያል፤ በአንቀጾች መካከል ክፍተት ለመፍጠር በኢንተር የተደረደሩት ባዶ መስመሮች ሁሉ በአንድ ላይ ከፍ ሲሉ ፊርማው ወደ ቀጣዩ ገጽ ይወርዳል።

ይህ ልማድ ከታይፕራይተር የወረስነው ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ታይፕራይተር ከሠሩበት ዘመን ጀምሮ በየቢሮው ጸሐፊ የሆነ ሁሉ የመስመሩ ጫፍ ሲደርስ ማሽኑን እየመለሰ፣ ክፍተት ሲፈልግ እየገፋ ነው የጻፈው። ትክክልም ነበር፤ ወረቀት ላይ ያረፈ ፊደል ከዚያ ወዲያ አይንቀሳቀስም። ዎርድ ግን ጽሑፉን እንደገና እየደረደረ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ፎንት ሲቀየር፣ ህዳግ (በገጹ ዳር የሚተወው ባዶ ቦታ) ሲጠብ፣ አንድ ቃል ሲጨመር ሁሉን ከመጀመሪያው ያሰላል። ስለዚህ ኢንተር ማለት «መስመሩ አለቀ» ማለት መሆኑ ቀርቷል፤ «አንቀጹ አለቀ» ማለት ብቻ ነው። መስመሩን ፕሮግራሙ ራሱ ያጥፋል። ስፔስም በሁለት ቃላት መካከል አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ ነው። ሦስት ወር የተማሩት ኮርስ ይህን አንድ ነገር ሳያስጨብጥዎ የሜኑ ስም አስጠንቶ ከሸኘዎት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

አሁኑኑ አንድ ደብዳቤዎን ይክፈቱና በ«ሆም» ሜኑ ውስጥ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ፒ የሚመስለውን ምልክት ይጫኑ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አብሮ መጫንም ያው ነው። የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፦ ስፔስ እንደ ነጥብ፣ ታብ እንደ ቀስት፣ ኢንተር እንደዚያው የተገለበጠ ፒ። ቀኑ ፊት የነጥብ ሰልፍ ካዩ፣ በአንቀጾች መካከልም ያ ምልክት ብቻውን ተደርድሮ ካዩ ምክንያቱን በዓይንዎ አይተዋል ማለት ነው። ምልክቶቹ ወረቀት ላይ አይታተሙም፤ ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አያጥፏቸው። መጀመሪያ ዓይን ይረብሻሉ፣ በሦስተኛው ቀን ይለመዳሉ።

በምትኩ ምን ይደረግ? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን እንውሰድ። «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ይምረጡና ከላይ ባለው ሩለር ላይ የግራውን ገደብ ምልክት ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጎትቱት፤ ሩለሩ ካልታየዎ «ቪው» ውስጥ ያገኙታል። ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ቦታ ይጀምራሉ፣ ፎንት ቢቀየርም ንቅንቅ አይሉም። «ጉዳዩ» የሚለውን መሐል ለማድረግ ኮንትሮልና ኢ ይበቃል። በአንቀጾች መካከል ክፍተት ሲፈልጉ ኢንተር ሁለት ጊዜ ከመምታት ይልቅ «ፓራግራፍ» ከሚለው ሳጥን ከአንቀጹ በኋላ የሚተወውን ቦታ 12 ነጥብ (pt የሚለው መለኪያ) ያድርጉት። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚፈርሙበት ቦታ፣ የስም ዝርዝር፣ የቃለ ጉባኤ ተሰብሳቢዎች፣ በአጠቃላይ በዓምድ የሚሰለፍ ነገር ሁሉ ሠንጠረዥ ነው፤ መስመሮቹ እንዲታዩ ካልፈለጉ ማጥፋት ይቻላል። አዲስ ገጽ ለመጀመር ደግሞ ኮንትሮልና ኢንተር አንድ ጊዜ። ለዕለት የደብዳቤ ሥራ ከዚህ ብዙ የሚርቅ እውቀት አያስፈልግዎትም።

እግረ መንገድዎን የወረቀቱን መጠን ይመልከቱ። የወንድምዎ ላፕቶፕ በአሜሪካ አቀማመጥ የተሞላ ከሆነ ዎርድ አዲስ ፋይል ሲከፍት «ሌተር» በሚባለው ወረቀት ይጀምራል፤ እሱ 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። ቢሮ ፕሪንተር ውስጥ ያለው ኤ4 ደግሞ 210 በ297። ቁመቱ በ18 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሦስት መስመር ያህል ይለያያል። ስክሪን ላይ ያማረ ደብዳቤ ታትሞ ሲወጣ ጎኑ የሚጠበው ወይም ግርጌው የሚባክነው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። «ሌይአውት» ውስጥ «ሳይዝ» ገብተው ኤ4 ያድርጉት።

ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያስቀምጥም፣ ቁጥር ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የእኛ ፊደል ደግሞ ብዙ ነው፤ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና ሳይቆጠሩ። የቀድሞዎቹ ፎንቶች የሚይዙት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለፊደል የማይሆን ነው። ስለዚህ ያኔ የነበሩት ባለሙያዎች የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ወስደው የአማርኛ ቅርጽ አለበሷቸው፤ አልበቃ ሲልም ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት። በጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበር፣ በዚያ ባይጻፍ በአማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ባልተቻለ። ነገር ግን በዚያ ዓይነት ፋይል ውስጥ በእውነት የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ያ ፎንት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚያዩት ዝብርቅርቅ የፋይሉ እውነተኛ ይዘት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በስልክም በኮምፒውተርም አማርኛ ሆኖ ይቆያል፤ የሚቀየረው የፎንቱ መልክ ብቻ ነው።

አንድ ፋይል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የፕሮግራሙን ስም አይጠይቁ። ፓወር ግዕዝም ሆነ ቪዥዋል ግዕዝ በተለያየ ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ፎንት ይዘው ስለወጡ «በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው» የሚለው መልስ ምንም አይነግርዎትም። ከጽሑፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ከሆነ የድሮው ነው። ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየዎ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ያ ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ፎንት ሲጫን ይስተካከላል።

የድሮው ዓይነት ከሆነ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት በመቀየር አማርኛ አይሆንም፤ ይህን ሲሞክሩ ሰዓት የሚያቃጥሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ያለው አማራጭ ሦስት ነው። የድሮውን ፎንት መጫንና እንዳለ አንብቦ ማተም፤ ለማኅደር ብቻ ለሚፈለግ ሰነድ ይህ ይበቃል። ወይም ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መለወጥ፤ ይህ ለረጅም ሰነድ ይጠቅማል፣ ነገር ግን መሐሉ ላይ እውነተኛ እንግሊዝኛ ካለበት ፕሮግራሙ ሊያምታታው ስለሚችል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰው ዓይን መታየት አለበት። ገጽና ሁለት ገጽ ለሆነ ነገር እንደገና መጻፍ ይቀላል። የትኛውንም ቢመርጡ የመጀመሪያውን ፋይል ኮፒ ሳያስቀምጡ አይንኩ። በድሮው ዓይነት ፋይል ላይ ፈልጎ መተኪያውን ደግሞ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል እተካለሁ ብለው በሰነዱ ሁሉ አንድ የአማርኛ ፊደል ሊያጠፉ ይችላሉ።

ለአዲስ ሥራ የምመክረው በቤትም በቢሮም አንድ ዓይነት ዩኒኮድ ፎንትና አንድ ዓይነት ኪቦርድ ነው። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ኢብሪማ የሚባለውን ፎንት ይዘው ይመጣሉ፤ ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በነፃ ይገኛል፣ ቅርጹም ለደብዳቤ ያማረ ነው። ለመጻፊያ የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለ፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ መጻፍ ለለመደ ሰው ደግሞ በነፃ የሚገኘው ኪማን የሚባለው ፕሮግራም ይመቻል። አንዱን ይምረጡና አይለዋውጡ፤ ጣት የሚፈጥነው አንድ አቀማመጥ ሲለምድ ነው።

ኪቦርዱን ሲለማመዱ አራት ነጥብን በራሱ ቁልፍ መጻፍ ይልመዱ። ሁለት ኮለን (:) አጠገብ ለአጠገብ እየመቱ «አራት ነጥብ ነው» ማለት በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ልማድ ነው። ለዓይን ይመሳሰላል፣ ለፕሮግራሙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፊቱ ስፔስ ካለ ደግሞ መስመር ሲያልቅ ነጥቦቹ ብቻቸውን ተገንጥለው የቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣሉ። የቆየ ዩኒኮድ ሰነድ ውስጥ ይህ ካለ ኮንትሮልና ኤችን ተጭነው ሁለቱን ኮለን ፈልገው በ«።» ይተኩት።

መዝገብ ቤት ስለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዎርድ ሲፈልግ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። «ኃይሉ» ብለው ቢፈልጉ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም፣ እርስዎም «ስሙ የለም» ብለው ባለጉዳይ ሊመልሱ ይችላሉ። ሰው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ በአንድ ፊደል ምክንያት ተመልሶ መሄድ የለበትም። ስም ሲፈልጉ የሚያሻማውን ፊደል ትተው በጋራው ክፍል ይፈልጉ፤ «ይሉ» ብለው ቢፈልጉ ሁለቱም ይወጣሉ። ለራስዎ የሥራ ፋይል ደግሞ የስም አጻጻፉን ከመታወቂያው ላይ እንዳለ ይውሰዱ።

ከቃላት በታች የሚወጣው ቀይ መስመር ስህተት መጻፍዎን አያሳይም፤ ዎርድ አማርኛውን በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እየመረመረ ነው። ጽሑፉን መርጠው «ሪቪው» ውስጥ ከ«ላንጉጅ» የፊደል ምርመራውን ማጥፋት ይችላሉ።

ከደብዳቤ አልፎ የሩብ ዓመት የእቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ሲመጣልዎ «ስታይል» የሚባለውን ይማሩ። ዋና ርዕስን አጉልቶ፣ አወፍሮ፣ አስምሮ ከመተው ይልቅ «ሄዲንግ 1»፣ ንዑሱን «ሄዲንግ 2» ቢሉት ዎርድ የሰነዱን አጥንት ያውቃል። ያኔ «ሪፈረንስስ» ውስጥ ገብተው ማውጫውን ራሱ እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል፤ ገጽ ቢጨመር አንድ ጊዜ ማደስ ነው። ማውጫ በእጅ በነጥብ እየሰለፈች፣ ኃላፊው አንድ አንቀጽ ባስገባ ቁጥር ሁሉንም የገጽ ቁጥር እንደገና ስታርም ያመሸች ጸሐፊ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር።

መብራት ለሚጠፋበት ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዎርድ ራሱ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል ብለው አይተማመኑ፤ እሱ ለድንገተኛ ነው፣ የ9 ደቂቃ ሥራም ሥራ ነው። አንቀጽ በጨረሱ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስ። ፍላሽ ላይ ያለን ፋይል እዚያው ከፍተው አይሥሩ፤ ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርገው ሠርተው ሲጨርሱ ይመልሱት። ፋይሉ ተከፍቶ እያለ ፍላሹን የሚነቅል ሰው አንድ ቀን ባዶ ፋይል ይዞ ይቀራል።

ኮርሱን በተመለከተ መልሴ አይመዝገቡ ነው። አድቫንስድ ተብሎ ከሚሰጠው ውስጥ ለጸሐፊ በእውነት የሚጠቅመው አንድ ደብዳቤ ለብዙ አድራሻ በአንዴ የሚያዘጋጀው ሜይል መርጅ ነው፤ እሱንም መሠረቱ ሲጸና በሁለት ቀን ይለምዱታል። ሰርተፊኬት አስቀድሞ አለዎት። ማስታወቂያው ሲኦሲ የሚጠይቅ ከሆነ ያ የብቃት ምዘና ራሱን የቻለ ፈተና ስለሆነ ሁለተኛ ሰርተፊኬት አይተካውም፤ ገንዘቡን ለምዘናው ያውሉት። እኔ የጻፍኩትም የማይሰጥዎት ነገር አለ፤ እሱ የጣት ፍጥነት ነው። ፍጥነት በ10 ጣት፣ ኪቦርዱን ሳያዩ፣ በየቀኑ በመጻፍ ብቻ የሚመጣ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

በኮርሱ ፈንታ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ሰዓት ይስጡ። ግማሹን ሰዓት ለጣት ልምምድ ያድርጉት። በቀረው ግማሽ የመሥሪያ ቤቱን ታትመው የወጡ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ እየወሰዱ፣ የድሮውን ፋይል ኮፒ ሳያደርጉ፣ ከባዶ ገጽ ይገንቧቸው፦ ቁጥርና ቀን በሩለር፣ ክፍተት በፓራግራፍ፣ ፊርማ በሠንጠረዥ። እያንዳንዱን ሲጨርሱ ሁሉንም ይምረጡና የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 14 ያድርጉት፣ ከዚያ ፎንቱን ይቀይሩ፣ ከዚያ ህዳጉን ያጥብቡ። ጽሑፉ ሊረዝም ይችላል፤ ቀኑ ቦታውን ከለቀቀ ወይም አንድ መስመር መሐሉ ላይ ከተቆረጠ ግን የሆነ ቦታ በስፔስ ወይም በኢንተር ገፍተዋል፤ ምልክቶቹን አይተው ያግኙት። አሥር ደብዳቤ ያለ እንከን ይህን ካለፈ ዎርድ ችለዋል።

ለቢሮ የሚወስዱትን ሲያስቀምጡ ለሕትመት አንድ ፒዲኤፍ፣ ለእርማት ደግሞ የዎርዱን ፋይል አብረው ይያዙ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ያው ነው። ዎርድም በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» ከሚለው ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ማሸግ ይችላል፤ ግን የፎንቱ ባለቤት ካልፈቀደ እሺ አይልም።

ለጸሐፊነቱ ቦታ ከተፈተኑ፣ የፈተናው ዕለት የሚሰጥዎ ኮምፒውተር የማያውቁት ነው። መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት አራት ነገር ይዩ፦ ወረቀቱ ኤ4 መሆኑን፣ ኪቦርዱ አማርኛ መጻፉን፣ ፎንቱ ዩኒኮድ መሆኑን፣ የተደበቁት ምልክቶች መታየታቸውን። ከዚያ ባዶውን ፋይል በስምዎ ሴቭ አድርገው ይጀምሩ።